ሰው ጭነን የገጠምነው ሞተር

እኔ መኪና አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አለማወቄን ለማመን አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ አንድ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ መስበር ነበረብኝ።

ፒክአፗ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አባቴ የኋላ ጭነት መያዣዋ አልበቃ ሲለው አካሏን የሚሸከመውን ብረት፣ ሻንሲዋን፣ አስቆርጦና አስቀጥሎ ግማሽ ሜትር ያህል አስረዘማት። እሱ ሲሞት ለእኔ ደረሰች። ከሱሉልታ ድርቆሽ እየጫንኩ ሰበታና ፉሪ ላሉ ላም አርቢዎች አደርስባታለሁ፤ ቤቴ የሚበላው ከዚያ ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት የድሮው የቤንዚን ሞተሯ ላይመለስ ተሰናበተ።

ከሚኒባስ የወጣ የናፍጣ ሞተር ገዛሁና ቡራዩ ከሚኖር ጓደኛዬ ጋር በእሱ ጓሮ ገጠምነው። አስነስተን ሰፈሩን ስንዞርባት እንደ ጉድ ሄደች። ኮፋኖዋን ከፍተን ፎቶ ሁሉ ተነሳን። በማግስቱ ሱሉልታ ሄጄ ድርቆሽ ጫንኩና ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ከስሬ የሆነ ነገር ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ቋ! አለና ቀጥ አለች። ካምቢዮው ለሁለት ተሰንጥቋል።

እንደምንም ብዬ ሌላ ካምቢዮ አገኘሁ። ይኸኛውም ከተሰበረ ግን የምሸጠው ነገር አልነበረኝም፤ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሰጥቼ ዱከም ሄጄ ፋብሪካ በር ላይ መሰለፍ ነው። ለሚስቴ ይህንኑ ስነግራት የቀረንን ብር አውጥታ መቁጠር ያዘች። ብትጨቃጨቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱሉልታ መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ሰው ሁሉ «ኦቦ» ብቻ ይላቸዋል። መኪናዋን አስጎትቼ ወሰድኩላቸው። ከስሯ ገብተው ብዙ ቆዩና እየተንፏቀቁ ወጡ።

«ባዶዋን ነው የገጠማችኋት?» አሉኝ።

«አዎ ኦቦ።»

«ባዶዋን ነው እንዴ የምትሠራው?»

ከዚያ መሬት ላይ በእንጨት እየሳሉ አስረዱኝ። የተቀጠለ ሻንሲ ጭነት ሲያርፍበት ወገቡ ይረግባል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራም ይተኛል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ እኛ ባዶዋን ልክክ አድርገን ስለገጠምነው፣ ስትጫን መላወሻ አጥቶ ካምቢዮውን ገፍቶ ሰበረው። ነገሩ ይኸው ነው። እኔና ጓደኛዬ ፎቶ ስንነሳ ይህን አላሰብነውም።

«እንግዲያው ነገ ድርቆሽ ጭኜ ልምጣ?» አልኳቸው።

«ድርቆሽ ጠጋ በል ሲሉት አይጠጋም። ቅዳሜ ሰው እንጭናለን።»

ሽማግሌው ጃጁ እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ኦቦ ሞተሩን አውልቀው አናታቸው ከታሰረ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ በሰንሰለት አንጠልጥለው ከጨረሱ በኋላ መንገዱ ዳር ቆመው ከገበያ የሚመለሰውን ሰው መጣራት ጀመሩ። «አካም ኦልታኒ! ኮታ፣ ኑ እስቲ!» ሰዎቹ ሸክማቸውን እያስቀመጡ ፒክአፗ ላይ መውጣት ያዙ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። አንዲት ዶሮ ያቀፉ እናት ብቻ «ዛሬ ደግሞ የማን መኪና ናት?» አሉ። ለካ የኦቦ ልማድ ኖሯል። አሥራ ስምንት ሰው ሲሞላ መኪናዋ ከኋላ ዝቅ አለች።

ኦቦ ከስር ተጋደሙ። «ይተዉት ኦቦ፣ እኔ ልግባ» ብላቸው፣ «አንተ ሰንሰለቱን ያዝ» አሉኝ። ከስር ሆነው ያዛሉ፣ ከላይ ያለው ሰው ይንቀሳቀሳል።

«ወፍራሙ ሰውዬ ወደ ኋላ!»

«ማንን ነው ወፍራም የሚሉት ኦቦ?»

«ቀድሞ የመለሰውን!»

ፒክአፗ በሳቅ ተናወጠች። እሳቸው ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው እንደገና ለኩ። አሁን ሐሳባቸው ገባኝ፦ ጭነቱ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ጎን ሲያጋድል ሞተሩ የት የት ሊደርስ እንደሚችል ማየት ፈልገዋል። እኔ ሰንሰለቱን በጥቂት በጥቂቱ ስለቅ እሳቸው ሞተሩን በጣታቸው እየመሩ ወደ ቦታው ያመጡታል። ማረፊያውን መጀመሪያ ከሳሙና ካርቶን ቆርጠው ሞከሩት፤ አላማራቸውም፤ ሌላ ቆረጡ። አራተኛው ካርቶን ሲስማማ ብረቱን በእሱ ልክ አስቆረጡ። ወሬ የሚያበዛ ባለሙያ ብዙ አይቻለሁ። ለአንድ ጣት ክፍተት ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሥራ ስምንት ሰው የያዘ ብረት በላያቸው ተቀምጦ እሳቸው የሚያስቡት ስለ ክፍተቱ ነበር። በጣም አከበርኳቸው፤ በራሴም አፈርኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ሠሩ። ማረፊያው ተበየደ፣ ዘንጉ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ አጠረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልሞክራት ስነሳ የባለፈው ሳምንት ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ አዩንና ማንም ሳይጠራቸው ሸክማቸውን አስቀምጠው ወጡና ተቀመጡ። ኦቦ ቢቆጧቸውም አልወርድም አሉ። «እኛ ነን እኮ የለካናት!» አለ ወፍራሙ ሰውዬ። ኦቦም ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው፣ አጠገቤ ይቀመጣሉ ስል፣ እሳቸውም ከኋላ ወጡ።

ዳገቱን ጀመርኩ። ያ ካምቢዮ የተሰበረበት ቦታ ጋ ስቃረብ ማርሹን ጨበጥ አደረግኩ። ሚስቴ ብሩን ስትቆጥር የነበራት ፊት መጣብኝ። ማርሽ ቀነስኩ። ሞተሩ ጉልበቱን ሰብስቦ ያዘ፤ ከስሬ የተሰማ ነገር የለም። አለፍነው። የጋቢናው ጣሪያ ሁለት ጊዜ ተደበደበና የኦቦ ድምፅ መጣ፦ «ዴሚ! ሂድ!»

አናቱ ላይ ስደርስ አቆምኩ። ሰዎቹ እየወረዱ ጀርባዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደየሸክማቸው ቁልቁል በእግራቸው ተመለሱ። ወርጄ የኦቦን ጉልበት ልስም ስል ያዙኝ።

«ኦቦ፣ ለምን አጠገቤ አልተቀመጡም? በፍርሃት ልሞት ነበር እኮ።»

«አጠገብህ ብቀመጥ ሞተሩን ትተህ የእኔን ፊት ታይ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ አጠገቤ ይቀመጥ ስለነበር እየነዳሁ የእሱን ፊት አይ ነበር፤ ከሞተ በኋላም ባዶውን ወንበር። ያን ቀን ግን ዳገቱን ሙሉ አንድም ጊዜ ወደ ጎን አልዞርኩም። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። መኪናዋ የእኔ የሆነችው ያን ቀን ነው።