ረጅሙን መንገድ የመረጥንበት ዓርብ

ቡሬ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ፈረስ ቤት የሚሄድ ሰው ወደ ደምበጫ ነው የሚያቀናው። እኔ ግን ሐሙስ ጧት በተቃራኒው ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጓደኛዬን ሐያትን ከእናቷ ማስፈቀድ ነበረብኝ።

የጉዞዬ ምክንያት የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የተፈጥሮ ክበቡም ኃላፊ እኔው ነኝ። ክበቡ ተማሪዎቹን አንድ ቀን ከፈረስ ቤት በላይ ያለውን ተራራ ሊያስጎበኝ ወስኗል። በዚያ ሰሞን ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ሊሆን ነው እየተባለ ይወራ ስለነበር ያገሬው ሰው ከወዲሁ «ፓርኩ» ማለት ጀምሯል። ሥራ ያጡ ወጣቶችም ተደራጅተው የአስጎብኚዎች ማኅበር አቋቁመዋል። ሁለት ዓይነት የቀን ጉብኝት እንዳላቸው ሰምቻለሁ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሳያልቅ ሄጄ፣ አይቼ፣ ለተማሪዎቹ የሚሆነውን መምረጥ አለብኝ።

ሐያት ፍኖተ ሰላም አብረን የተማርን፣ አሁን ቡሬ ገበያ ከእናቷ ጋር ጨርቅ የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት። ስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ እናቷ እትዬ ዘይነባ ከዓይናቸው አያርቋትም። ሠርግ ቀረ፣ ዘመድ ጥየቃ ቀረ፤ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ብቻ። ስለ ተራራው በስልክ ስነግራት «እኔንም ውሰጂኝ» አለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

እትዬ ዘይነባ ከጥቅል ጨርቆቻቸው መሐል እንደተቀመጡ ሰሙኝ።

«ልጄ ማስተዋል፣ አንችን አልጠራጠርሽም» አሉኝ። «ክኒኗን ውጣ ሳትበላ ከቆየች ግን ትወድቃለች። እዚህ፣ ይች መደብ ላይ ወድቃብኛለች። በብርድ ስታልባት ካየሽ፣ ያለ ነገሩ ስትቆጣ ካየሽ፣ ጊዜ አትስጭ፤ ጣፋጭ ነገር አፏ ላይ አድርጊ። አደራሽን።»

አደራውን ተቀበልኩ። ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉ፣ ቴምር በላስቲክ ቋጠሩ፣ ሁሉንም በገዛ እጃቸው ልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ከተቱ። ሐያት እንደ ትንሽ ልጅ ቆማ ትጠብቃለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

ከደምበጫ ሽቅብ

እስከ ደምበጫ አስፋልት ነው። ከደምበጫ ወዲያ ጠጠርና አቧራ። የገበያ ቀን ስለነበረ መኪናው ሰው ከነዶሮው ጭኖ፣ ረዳቱ ደግሞ ታሪፉን ረስቶ አፉ ያመጣለትን ይጠራል። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ሰደቡት፣ ሳቀ፣ ትንሽ ቀነሰ። መንገዱ እየወጣ ሲሄድ የበቆሎው አገዳ ቀረና የገብስ ቃርሚያና የድንች መደብ መጣ፤ አየሩም ጆሮ መቆንጠጥ ጀመረ።

«ማስቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች ሐያት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ ስንደርስ በሽታዬን ለማንም አትንገሪ። አንድ ቀን እንደ ሰው ልዋል። ሰው ሲያውቅ አካሄዱ ይለወጣል፤ ቀስ በይ፣ ተቀመጭ፣ በላሽ ወይ። ሰልችቶኛል።»

«እናትሽ አደራ ብለውኛል እኮ።»

«አደራውን አንች ያዥው። ለሌላ ሰው አታካፍይው።»

እሺ አልኳት። እሺ ስል ሆዴ አልወደደውም፤ ግን የዓይኗን ልመና ማየት ከበደኝ።

ምርጫው

ፈረስ ቤት አመሻሽ ላይ ደረስን። የማኅበሩ ቢሮ አንዲት ክፍል ናት፤ በሯ ላይ ጅብራ፣ የደጋው ረጅም ተክል፣ ተስሏል፤ ሠዓሊው ጅብራ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። የተቀበለን አስጎብኚ ጌትነት ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ጋቢ የደረበ፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ወጣት ነው። ዲያቆን እንደሆነም ነገረን።

«አጭሩ የደኑ ጉዞ ነው ቲቸር» አለኝ። «ኮሶውን፣ አስታውን፣ ምንጩን አይታችሁ ለምሳ ሰዓት ከተማ ትገባላችሁ። ረጅሙ የሸንተረሩ ነው። የጓሳ ሣሩ ሜዳ፣ ጅብራው ከነቁመቱ፣ ኸዚያ ወዲያ ገደሉ። እሱን ሳያዩ ተራራውን አየነው ማለት አይሆንም። ግን ማታ ነው የሚመልሰው።»

«በመሐል ቤት አለ?»

«ከሸንተረሩ ማዶ እንጅ ወዲህ የለም።»

ቀናችን አንድ ነው፤ ሁለቱንም ማየት አይቻልም። «አጭሩ ይበቃናል» ስል ሐያት ከጎኔ «ረጅሙ» አለች። ጌትነት ከአንዳችን ወደ አንዳችን አየ። እጇን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋት።

«ቤት የለም ሲል ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ምግቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጾም የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ምን አገደኝ? ባሻኝ ሰዓት እበላለሁ።»

ይኸ አሸነፈኝ። ዐቢይ ጾም በዚያ ዓመት ቀድሞ ገብቷል፤ ነገ ደግሞ ዓርብ ነው። እኔና አስጎብኚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋችን ምንም አይገባም፤ እሷ ግን ሙስሊም ናት፣ በሰዓቷ ትበላለች። የሚያሳስብ ነገር አልታየኝም። ረጅሙን አልነው።

ሸንተረሩ

ዓርብ ጧት ሐያት በማደሪያ ክፍላችን በሻይ ዳቦ ነክሳ ክኒኗን ዋጠች። ተነሣን። ከከተማው ጫፍ ያለው ባሕር ዛፍ ሲያልቅ አቀበቱ ጀመረ፤ ከዚያ የአስታው ዛፍ መጣ፣ ጎንበስ ብለን በሥሩ አለፍን። ሐያት ከፊት ነበረች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት፤ ጌትነትን ስለ ወፉ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ሁሉም ትጠይቃለች። አብሬያት ደስ አለኝ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጠጋ ብዬ «ብይ እንጂ» አልኳት። ቦርሳዋን ይዛ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ሄደችና ተመለሰች። «በላሁ» አለች። ጓሳው ሜዳ ላይ ስንወጣ ደግሜ ጠየቅኋት፤ እንደገና ወደ ድንጋይ ኋላ ሄዳ መጣች። ይኸን ያህል መደበቋ አስገረመኝ፤ ጌትነት በየሰዓቱ ስትበላ አይቶ በሽታዋን እንዳይጠረጥር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጅብራው ጋ ስንደርስ ጉም መጣ። ከሰው በላይ የቆመው ተክል አንድ አንድ እያለ ጠፋ፤ ቀጥሎ መንገዱም ጠፋ። ጋቢውን ለእኔ ሰጥቶ ጌትነት ራሱ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ወደ ሐያት ዞር ብዬ ሳይ ሻሿን ከአንገቷ እያላላች ነው። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ሐያት፣ ምንድን ነው የበላሽው?»

«በላሁ አልኩሽ። ምነው እናቴን ሆንሽብኝ?»

ጌትነት አፋፉ ያዳልጣል ብሎ ዱላውን ቢያቀብላት «ይኸን እንጨት ከፊቴ አንሣ» አለችው። ደነገጠ። ሐያት ሰው ተናግራ አታውቅም። የእትዬ ዘይነባ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ቦርሳዋን ቀማኋት። ዳቦው በጨርቁ እንደተጠቀለለ፣ ቴምሩ በላስቲኩ እንደተቋጠረ ነው። ቋጠሮው የእናቷ ቋጠሮ ነው፤ አልተነካም።

«ለምን?» አልኳት።

«እናንተ አፋችሁ ደርቆ ስትሄዱ እኔ እያኘክሁ ልከተላችሁ? ድንጋዩ ኋላ ሄድኩ። አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት። በጾመኛ ፊት... ነውር ነው።» ምላሷ ተሳሰረ። «ነውር ነው» አለችና እዚያው ጓሳው ላይ ተቀመጠች።

ቃሌን ያፈረስኩት ያን ጊዜ ነው። ለጌትነት ሁሉንም ነገርኩት።

«ኧረ ቲቸር፣ ምነው ማታ ቢነግሩኝ» አለኝ። «አጭሩን እንሄድ አልነበር?»

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ቤት ያለው ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ በዚህ ጉም ተሸክመናት መውረድ አይሞከርም። ቴምር ከፍዬ ከንፈሯ ላይ አደረግሁ። ጥርሷን ገጥማ ፊቷን አዞረች። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን... አብረን» ትላለች። ዓይኗ እኔን እያየ አያየኝም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አገጯን ይዤ ልከፍት ሞከርኩ፤ እጄን ገፋችው። ትሞትብኛለች ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በኋላ ማሰብም አልቻልኩም።

ጌትነት ከጎኔ ተንበረከከ። ቴምር ከላስቲኩ አነሣ። አማተበና ፊት ለፊቷ በላ፤ እንድታየው ቀስ ብሎ አኘከ።

«እትዬ ሐያት፣ ይኸው እኔ በላሁ» አላት። «እንግዲህ ማንን ያፍራሉ? ይብሉ።»

እኔም አንሥቼ በላሁ። አፌ ደርቆ ስለነበር መዋጥ ተቸገርኩ፤ ግን አየችኝ። የእሱን አፍ አየች፣ የእኔን አፍ አየች። ከዚያ ከንፈሯ ተከፈተ። ቴምሩን አስገባሁላት፤ ሌላ ጨመርኩ፤ ሌላ። ጌትነት ከኋላዋ ተቀምጦ በጀርባው ደገፋት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። መጀመሪያ ዓይኗ እኔን ማየት ጀመረ። ቀጥሎ ላቧን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና «ጉሙ መቼ መጣ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። «ብትሞችስ?» አልኳት። «ለእናትሽ ምን ልበል? በጾመኛ ፊት መብላት አፍራ ሞተች ልበላቸው?»

እሷ ግን ጌትነት መዳፉ ላይ የያዘውን የቴምር ዘር ታይ ነበር።

«ጾምህን ፈታህ?»

«ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ» አላት። «አሁን ዳቦውን ይብሉ።»

እያለቀሰች በላች።

ማዶ

ጉሙ ሲሳሳ ሸንተረሩን ተሻግረን ወደ መጀመሪያው ቤት ወረድን። የቤቱ እመቤት እትዬ አትጠገብ ይባላሉ። ዲያቆኑን ያውቁታል፤ እሱም ደጃፍ ላይ እንደቆመ የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሴትዮዋ ሐያትን እሳቱ ዳር አስቀምጠው ማር በውኃ በጥብጠው ብርዝ አቀረቡላት። «አትፍሪ፣ አልፈላም፣ አያሰክርም፤ እስላምም ይጠጣዋል» አሏት። ከዚያ ወደ ጌትነት ዞረው «ዘጠኝ ሰዓት ለደኅና ሰው ነው ልጄ» አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎም ቢሆን እዚያ ቤት የቀረበለትን ድንች አልቀመሰም፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁትም።

በቅሏቸውን ሰጡን። ሐያት በበቅሎ፣ እኛ በእግር ፈረስ ቤት ገባን። ስንሰናበት ሐያት ለጌትነት እጅ ነሣች፤ እሱም ከእሷ ይበልጥ ዝቅ አለ።

መልስ

ቅዳሜ ጧት መኪናው ላይ ለትምህርት ቤቱ የማቀርበውን ሪፖርት በሐሳቤ ጻፍኩ። መንገዱ አጭሩ ይሁን፤ ቀኑም ከፋሲካ በኋላ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት በሚበላበት ጊዜ። የታመመ ተማሪ ካለ አስጎብኚው ቀድሞ ይወቅ። ይኸን ሁሉ ከተራራ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው ብዬ ነው ያደግሁት፤ የጓደኛዬን ምሥጢር መጠበቅም ፍቅር ነው ብዬ አምን ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው ሊገድሏት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ፍኖተ ሰላምን አልፈን ቡሬ እስክንደርስ ደግሞ ለእትዬ ዘይነባ የምዋሸውን ሳዘጋጅ ነበር። እውነቱን ከሰሙ ሐያት ሁለተኛ ከቤት አትወጣም። ሐያት ራሷ ምን እንደምታስብ አልነገረችኝም።

እትዬ ዘይነባ ገና ከሱቁ ደጃፍ «እንዴት ሆነች?» አሉኝ። አፌን ስከፍት ሐያት ቀደመችኝ። ስለ ድንጋዩ ኋላ፣ ስላልተፈታው ቋጠሮ፣ ስለ ዲያቆኑ፣ ስለ እኔ፣ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ እናቷ ወደ እኔ አዩ። ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጀሁ።

«ተማሪዎቹን መቼ ነው የምትወስጃቸው?» አሉኝ።

«ከፋሲካ በኋላ።»

«በየትኛው?»

«በአጭሩ ነው፣ እትዬ ዘይነባ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ረጅሙን ወደድሽው?»

«ወደድኩት» አለች ሐያት።

ሴትዮዋ ጨርቁን በእጃቸው ደባበሱ። «ባዳ ፊት ብትወድቅ ማን አፏን ይከፍትልኛል እያልኩ ነበር የያዝኳት» አሉኝ። «እንግዲህ ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ። ለዚያ ዲያቆን ልጅም ንገሪው፤ እኔ ነኝ የላክኋት በይው።»

ሐያት ከሱቁ ኋላ ወዳለችው ጓዳ ገብታ የምስር ወጥ አቀረበች። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበረ እኔም የምጠብቀው ሰዓት አልነበረኝም። ቀድማ የቆረሰችው እሷ ነበረች፤ ጎርሳ እስክትውጥ ድረስ እኔና እናቷ ዓይናችንን አልነቀልንባትም፣ እሷም ችላን በላች።