በወንድሜ ጠርሙስ ላይ የጨመርሁት ውሃ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ወንድሜን ለመቅበር ጀነዛው ላይ ለመጡት ጓደኞቹም አልነገርሁም። ለእናንተ ለምታነቡት ልናገር። ወንድሜ ሰይድ ባለፈው ዓመት በሕመም ሞተ። እኔ የበደልሁት ግን በሕይወት ሳለ ነው፤ ያውም በኢድ ሰሞን፣ ቤታችን በሳቅ በተሞላበት ቀን።

ሰይድ ለሁለተኛ ዲግሪው ኬሚስትሪ ይማር ነበር። ለምርምሩ የሚሆን ፈሳሽ ከአዲስ አበባ ተቀብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ መካነ ሰላም፣ ቤታችን ጎራ አለ። ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ ክዳኗ በፕላስተር የተጠቀለለ። ውስጧ ያለው ጨው ነው አለን። ውሃ ሳይነካው፣ እሳት ሳያየው ፈሳሽ የሆነ ጨው።

“ወላሂ?” አለ አባቴ። “ታዲያ እኛ ለከብት የምንሰጠው ድንጋይ የሆነው ምን በድሎ ነው?”

ሰይድ እየሳቀ የእናቴን ቀለበት ከጣቷ አውልቆ አስረዳን። ክራውን ኢተር የሚባል፣ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ ሞለኪውል አለ። ፖታሲየም መሃሉ ላይ ልክክ ይላል። ውሃ ውስጥ ከሆነ ግን ውሃው ፖታሲየሙን ከቦ ይሻማዋል፤ ቀለበቱ አጥብቆ አይዘውም። “እዚህ ጨው ውስጥ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዘው ነው የምለካው” አለ። ደስታው ይጋባ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሰይድ ለሶላት ሲወጣ ለሰው ላሳይ ጠርሙሷን ኪሴ ከትቼ መናኸሪያ ሮጥሁ። ጓደኛዬ ታደሰ አይቶ ሳቀ።

“አንተ፣ ይኼ እኮ የምግብ ዘይት ነው! ወንድምህ ሸውዷችኋል።”

ወንድሜ ውሸታም ሲባል ዝም ልበል? ከፈትሁት። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አደረግሁ። ዘይት ቢሆን ይንሳፈፍ ነበር። እሱ ግን ሟሟና ጠፋ። ታደሰ አፉን ያዘ፤ እኔ በደስታ ዘለልሁ። ድገመው አለ፣ ደገምሁ። ወደ ወግዲ የሚሄደውን ሚኒባስ የሚጠብቁ ሰዎች መጡ፣ ለእነሱም አሳየሁ። ኋላ ሳያት ጠርሙሷ ጎድላለች። ከውሃ ጋር ይዋሃድ የለ? ውሃ ሞላሁበት። እኔ ነኝ የሞላሁት። ወዘወዝሁት፣ ምንም አያስታውቅም። ፕላስተሩን መልሼ ጠቀለልሁ።

ሰይድ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ሲለካ ቀለበቱ ፖታሲየሙን እንደሚጠበቀው አልይዝ አለው። ክረምቱን ሙሉ ደጋገመው። “እጄ ነው መሰል። ልተወው፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም” አለኝ በስልክ። ሰይድ! በራሱ ተጠራጥሮ የማያውቀው ሰይድ! እኔ ግን የጨመርሁትን ውሃ አልነገርሁትም። ለምን ደበቅሁት? አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። እንዳይጠላኝ ነው።

አንድ ቀን እየጮኸ ደወለ። “ያዘው! አንተ፣ ጥርቅም አድርጎ ያዘው!” ለካ ፈሳሹ ውስጥ ውሃ አግኝቶ፣ ከዕቃው አየሩን በመሣሪያ እየሳበ፣ እያሞቀ አድርቆት ኖሯል። “ክዳኑን እኔው ሳላጠብቀው እርጥበት ገብቶበት ነው። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!” ብሎ ተንከተከተ።

እኔም አብሬው ተንከተከትሁ። ያን ሳቅ ሳስታውስ ዛሬም ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኛል። ግን እዚያው ሳቁ መሃል ብነግረውስ ኖሮ? ይስቅብኝ ነበር እንጂ አይጠላኝም ነበር። ልጅ ነበርሁ አልልም።

ሰይዴ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ጅል አልነበርህም። ክዳኑን አጥብቀኸው ነበር።