አሥር ሺህ ሰባት

የቀበቶ ዘለበት ከብረት ወንበር ጋር ሲጋጭ ስሰማ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ይሰበሰባል። ባለቤቴ ሱሪውን ወንበር ላይ ጣል ባደረገ ቁጥር ጅቡቲ ያለው የልጅነት ግቢያችን ይመጣብኛል፤ ካርቲዬ ስድስት የሚባለው ሰፈር፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ በሰኔ ሙቀት ዝገትና የባሕር ጨው የሚሸት።

ታላቅ ወንድሜ ሊሴ፣ በፈረንሳይኛ የሚያስተምረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ይማር ነበር። ማቀዝቀዣ ጠጋኙ አባቴ ከፈረንሳይኛ የሚያውቀው ለሥራው የሚበቃውን ብቻ ነው። “ፕረሚዬ ካልወጣህ ከትምህርት ቤት አውጥቼ መፍቻ ነው የማስይዝህ” ብሎታል። ፕረሚዬ ማለት አንደኛ ነው።

ወንድሜ ግን ያን ሰሞን የለከፈው አንድ ቁጥር ነበር፤ አሥር ሺህ ሰባት። የግቢውን ግድግዳ በከሰል እየሞላ ለሦስት ሞከረው፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ እያለ እያለ መቶ ደረሰ። ቁጥሩ ግን እምቢ አለ። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል፣ በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር የምንለው ነው። ባለ አምስት አሃዝ ከሆኑት ብቸኞች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው፤ አንድ ቀንሰህ ለሁለት ስታካፍለው የሚወጣውም ብቸኛ ነው። ይህን ዓይነቱን ቁጥር ፈረንሳዮቹ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ፕረሚዬ።

“ፕረሚዬ! ፕረሚዬ!” እያለ ግድግዳውን በመዳፉ ሲደበድብ አባቴ በር ላይ ሆኖ ሰማ። ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያባልጋል ባይ ነውና ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ። ለእንግዶቹ የልጁን አንደኝነት በጆሯቸው ነገራቸው፤ ለእኛ “ጥሩ ሥራ አግኝቼ ነው” አለን። ወንድሜም አጥንቱን እየጋጠ መረቀው።

ውጤቱ ሲመጣ ስምንተኛ ነበር።

አባቴ በዘለበቱ በኩል ነው የመታው። “ፕረሚዬ ብለህ በግ አሳረድከኝ! ሰው ፊት አዋረድከኝ!” ያኔ ነገሩ ገባኝ። “አባዬ፣ ቁጥሩን ነው ያለው፣ ቁጥሩን!” ብዬ መሐል ገባሁ፤ በክርኑ ገፍትሮ ጣለኝ። የወንድሜ ቅንድብ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሞላው። በመጨረሻ ቀበቶውን ቀምቶ አባቴን ደረቱን ገፋውና ከግድግዳው አላተመው። የአባቴ የትከሻ አጥንት ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። ወንድሜ በዚያው ወጣ። ወደ የመን ከሚሻገሩ ልጆች ጋር ባሕሩን ተሻገረ።

እናቴ ደሙን ስታጥብ ለአባቴ አስረዳሁት። ግድግዳውን ብዙ አየና “ታዲያ ምነው ለሁለት ነገር አንድ ቃል?” አለ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ጠላሁት፤ ዓመታት ጠላሁት።

ወንድሜ አሁን ሳዑዲ ነው፤ አርብ አርብ ይደውልልኛል። አባታችን አርጅቶ እኔው ጋ ነው። ወንድሜ ወሬ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ “አጠገብሽ ማን አለ?” ይላል፤ አባታችን ካለ ስልኩን ይዘጋዋል።

“ማንም” እለዋለሁ።

አባቴ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ፣ ትንፋሹ እንዳይሰማ አፉን በነጠላው ይይዛል።