ሁለት ፊደል ብቻ

የኢንተርኔት ቤቱን ሠራተኛ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሐኪሙ» ነው። ድረ ገጽ አልከፈት ያለው ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። እሱም «ምን ጻፍክበት አንተ? ነጥቡን የት ጣልከው?» እያለ ይስቅበትና ያስተካክልለታል። እንዴት እንደሚያሾፍ! አድራሻ ግን ሙሉውን ጽፎ አያውቅም። ሁለት ፊደል ይነካል፣ ኮምፒውተሩ ከዚህ በፊት የተከፈተውን አስታውሶ ቀሪውን ይሞላል፣ እሱ ይጫናል፣ አለቀ።

የአትክልት ሻጯ ልጅ ነርሲንግ ኮሌጅ ልትመዘገብ የመጣች ቀን፣ አድራሻውን ከወረቀት እያየች አንድ አንድ ፊደል ትለቅም ጀመር።

«ወይ ጉድ! በዚህ አያያዝሽማ ምዝገባው ያልቃል። ተነሽልኝ!» አለና ሁለት ፊደል ነክቶ ከፈተላት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የነሱ አይመስለኝም። ጓደኛዬ ያሳየችኝ ሰማያዊ ነው።»

«ደሞ ቀለም አዋቂ ሆነሽልኛል!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቅጹን ሞላች።

ኮሌጁ የተቀበላቸው ተማሪዎች ስም ሲወጣ የሷ የለም። እናትየው ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ልጇን እየጎተተች ገባች። «ሐኪሜ፣ ይቺ ልጅ ምን እንዳደረገችኝ እስቲ እይልኝ!»

የሞላችበትን ገጽ ከፍቶ ሲያይ ክው አለ። ልጅቷ የተመዘገበችው ስሙ ከኮሌጁ ጋር የሚመሳሰል፣ ሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን እሱ ራሱ ተቻኩሎ ፊደል ስቶ ይህንኑ ገጽ ከፍቶ ነበር፤ «ኤጭ!» ብሎ ዘጋው፣ ረሳው። ኮምፒውተሩ አልረሳም። የኮሌጁ ምዝገባ ደግሞ ተዘግቷል።

«ስንቴ ነው ተረጋጊ ያልኩሽ? ጎንበስ ቀና ብዬ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» እናትየው ሰው ፊት ታዋርዳታለች። ልጅቷ አንዴ ቀና ብላ አየችውና መልሳ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ ነው የከፈተልኝ» ማለት ትችል ነበር እኮ።

አፈረ። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። «ኔትወርኩ ነው» የምትለዋ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ስንቱን በሷ ሸኝቷል! እንደምንም ዋጣት።

«እትዬ… ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

የሴትየዋ ዓይን በእንባ ሞላ። «አይ ሐኪሜ! እንዳልመታት ብለህ ነው አይደል? አንተ ትሳሳታለህ? ማን ያምንሃል!»

«እውነቴን ነው እኮ…»

«ተው፣ ተው፣ አውቅሃለሁ!» ወደ ልጇ ዞረች። «አየሽ? ያንቺን ጥፋት በራሱ ላይ ሲጭን? አመስግኚው እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል!»

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ «እውነትም ደግ ሰው» አለ። ሁለቱን ፊደል ነክቶ፣ ስክሪኑን አዙሮ ማሳየት ነበር የቀረው፤ እጁ ግን እምቢ አለው።

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ ወለሉን እያየች።