እትዬ ንጋቷ ቤት ያላደርንበት ምክንያት

ባለቤቴ ባየው ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሞያሌ በሉት፣ መተማ በሉት፣ ጋምቤላ በሉት፣ ያልረገጠው አገር የለም። እኔ ደብሪቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ከቤት ወደ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ቤት ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ሐዋሳ ሐይቅ አለ ሲሉኝ አለ እላለሁ እንጂ ዓሣ ይዋኝበት ዳክዬ በምን አውቄ! "ጡረታ ስወጣ አገሩን ሁሉ አዙሬ አሳይሻለሁ" ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር።

ጡረታው ሲመጣ በሽታውም ተከትሎት መጣ። ፕሮስቴት ነው ተባለ፣ ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ዳነ፤ ተመስገን። ግን ሽንቱን መቋጠር አቃተው። ቀን ቀን እንደምንም ይችለዋል። ሌሊት ግን እንቅልፍ ከወሰደው አለቀ፣ አልጋው ይረጥባል። ሐኪሙ "አንዳንድ ሰው ላይ ይቆያል፣ አይዞህ" ብሎ ሸኘው። አይዞህ ማለት ምን ይከብዳል! ያ ተሳቢውን ገደል አፋፍ ላይ እያፏጨ የሚያዞር ሰውዬ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ሲያይ ማየት ነው የሚከብደው።

ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ውጭ ማደር ተወ። ሠርግ ሲጠራ አመመኝ ነው፣ ንግሥ ሲሆን መንገዱ አይመችም ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጃችን ልዑል "ኑና ሰንብቱ" ሲለን "የአንተ ቤት ጠባብ ነው" ይለዋል። ሰዉም ባየው ጡረታ ወጥቶ ኮራ፣ ጠገበ ማለት ጀመረ። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል በታቦት አስምሎኛል። ለልጃችንም ጭምር።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፣ የእህቱ ነገር ባይኖር። እትዬ ንጋቷ ታላቁ ናቸው፤ ጎረቤላ ከተማ ዳር ነው የሚኖሩት። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ከእሳቸውና ከልጃችን በቀር የሥጋ ዘመድ የሚለው በሕይወት የለም። ባለፈው ዓመት ባላቸው ሞቱና ሄደን ቀበርን። ወንድም ማለት እንግዲህ እህቱ ቤት ሐዘን ይቀመጣል፣ እዚያው ያድራል፣ ለቀስተኛ ይቀበላል። ባየው ከቀብር መልስ ንፍሮውን እንኳ ሳይዘግን መኪና ላይ ወጣ። አገር ጉድ አለ። እትዬ ንጋቷ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲያ ግን ስንደውልላቸው "ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን" ይሉና ይዘጋሉ። ባየው የሰዉን ሐሜት ሁሉ ችሏል፣ ይችን ግን አልቻላትም። "እትዬ እንደተቀየመችኝ ልሞት ነው" እያለ ይብሰለሰላል።

መኪናዋን ያመጣት ልዑል ነው። አዲስ አበባ ለቱሪስት የሚያከራዩት፣ ውስጧ አልጋ ያላት፣ ምድጃ ያላት፣ ጥግ ላይ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንት ቤት ያላት መኪና አለች አለን። "ለአባዬ የጡረታ ስጦታዬ ናት፣ ተከራይቼላችኋለሁ፣ አገር ዙሩባት።" ባየው "የፈረንጅ ቅብጠት!" ብሎ ሊሳደብ ጀምሮ ሽንት ቤት የሚለውን ሲሰማ ተወው። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። በማግስቱ ፍራሿን በላስቲክ ለብጬ ሰፋሁ፣ አንሶላውን ደራርቤ ጫንኩ፣ ወጣን።

አቤት ደስታ! ዝዋይን አየሁ፣ ሐዋሳን አየሁ፣ አርባ ምንጭ ላይ አዞ አየሁና ጮህኩ። ባየው መሪ ሲጨብጥ ወጣትነቱ ተመለሰ። ጠዋት አንሶላውን አጥቤ ዛፍ ላይ አሰጣዋለሁ። ማን ያውቀናል? አንድ ቀን ብቻ፣ ዝዋይ ላይ፣ ሳጥብ ያየችኝ ሴትዮ ዳቦ በፌስታል ይዛ መጣች። "አይዞሽ እማማ፣ ያልፋል። ከየት ነው የተፈናቀላችሁት?" አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እምቢ ብል ሴትዮዋ ልትቀየም ነው፣ ብቀበል የተፈናቀለ ሰው እንጀራ መንጠቅ ነው። ተቀበልኩ። ባየው መጋረጃው ውስጥ ተደብቆ እስኪያስለው ሳቀብኝ።

ስንመለስ በሞጆ ዞረን በአረርቲ በኩል መጣን። አረርቲ ላይ ምሳ በልተን ስንነሳ መኪናዋን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

"ጎረቤላ እንሂድ" አለኝ። "አገሩን ሁሉ ዞሬ የእህቴን ደጅ ሳልረግጥ ልመለስ?"

"እንሂድ። የት ልናድር?"

"እዚችው ውስጥ።"

"እሳቸው ደጃፍ ላይ? መኪና ውስጥ? ምን ልንላቸው ነው?"

"አንቺ መላ አታጪም" አለና ሞተሩን አስነሳ። እንዲህ ነው እንግዲህ ወንድ ልጅ።

ደውለንላቸው ነበርና እትዬ ንጋቷ በግ አሳርደው፣ ጎረቤት ጠርተው ጠበቁን። ባየውን ደጅ ላይ ሲያዩት እንደ ጥንቱ አንገቱን አቅፈው ሳሙት፣ ሳሙት፣ አልለቅ አሉ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ቤት ስንገባ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልናል፤ አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፎበታል፣ ነጭ ጋቢ ተደርቦበታል። በልተን ጠጥተን ሳለን ሰዉ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉት፦

"ባየው፣ ያን ጊዜ የሆነውን አላነሳውም። ዛሬ ቤቴ ታድራለህ፣ በዚያው ይቅር ተባብለናል።"

ባየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በጎን አየኝ። በቃ፣ የእኔ ተራ ደረሰ።

"እትዬ፣ እሱ እኮ ወገቡን ያመዋል። የመኪናዋን አልጋ ለምዶ" አልኩ።

"እኔስ ለወገቡ ብዬ አይደል ይሄን ፍራሽ ያስገዛሁት! ተኝተሽ እይው፣ ደመና ነው።"

"መኪናዋ ደግሞ የሰው ናት። እንዳትሰረቅብን ፈርተን ነው።"

ይሄኔ ጎረቤታቸው አቶ ገብረ ሕይወት ጣልቃ ገቡ። "እኛ ሰፈር ሌባ? ምነው እመት ደብሪቱ፣ አዋረዱን! እኔ ራሴ ውስጧ ተኝቼ እጠብቃታለሁ። እስቲ እኔም እንደ ፈረንጅ ልደርባት!"

ሰው ሳቀ። አቶ ገብረ ሕይወት በላስቲክ በተሰፋው ፍራሽ ላይ ሲጋደሙ ታየኝ። እትዬ ንጋቷ ተነስተው ክንዴን ያዙ፣ ወደ አልጋው ሊወስዱኝ። "ነይ፣ ነይ፣ ምን ያግደረድርሻል" እያሉ ይጎትቱኛል። እምለው ጠፋኝ። እኔ ደግሞ እምለው ሲጠፋኝ ምላሴ አላርፍ ይላል፣ ይሄ የቆየ ጠባዬ ነው።

"እኔ ቁንጫ አልችልም!" አልኩ።

አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ገብረ ሕይወት "እኛማ ከቁንጫችን ጋር ተላምደናል" ብለው ሊያስቁ ሞከሩ፣ ማንም አልሳቀም። እትዬ ንጋቷ ክንዴን ለቀቁኝ። አልጋውን አዩት፣ ጋቢውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እሺ ልጄ" አሉ። "የድሃ ቤት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አንድ ነገር በል ብዬ ባየውን አየሁት። ምን ቢል ጥሩ ነው? አጥንት እየጋጠ፣ ቀና ሳይል፣ "እሷ ድሮም ቆዳዋ ስስ ነው" አለ። ቆዳዬ! የፋብሪካ ሱፍ ሲቧጥጠው የኖረ ቆዳ! በሰው ፊት ባልሆን አጥንቱን ነጥቄ ግንባሩን ባልኩት ነበር።

መኪናዋ ውስጥ አደርን። አላነጋገርኩትም። እሱም አላናገረኝም። ጠዋት ስነሳ እንደ ልማዱ አንሶላው ረጥቧል። ውጭው ጉም ነው፣ ሣሩ ውርጭ ለብሷል። መጋረጃውን ከፈት አድርጌ ሳይ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም።

እትዬ ንጋቷ የቤታቸውን ንጣፍ በሙሉ ግቢ አውጥተውታል። አዲሱን ፍራሽ፣ ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ቁርበቱን ሳይቀር። ትልቅ ድስት ጥደው ውሃ አፍልተዋል። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ብርድ፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ጋቢውን በፈላ ውሃ ይዘፈዝፋሉ፣ ቁርበቱን በዱላ ይደበድባሉ። አቶ ገብረ ሕይወት ከአጥራቸው ማዶ ሆነው "ምነው እመት ንጋቷ በማለዳው?" ሲሏቸው መንደሩ እስኪሰማ "ቁንጫ ገብቶብኝ ነው!" አሉ። ቁንጫ የሚባል ዘሩ የለም እኮ! ቤታቸው እንደ መስታወት የጠራ ነው።

ባየው ከኋላዬ መጥቶ አየ።

"ምንድን ነው የምታደርገው?"

"ቁንጫ እያጠቡ ነዋ።"

"የት ያለውን ቁንጫ?"

"ከአፌ የወጣውን" አልኩት። "አንተም ያጸደቅህልኝን።"

ከዚያ ዞር ብሎ የረጠበውን አንሶላ ከፍራሹ ላይ ገፈፈው። ገብቶኝ ዘልዬ ያዝኩት።

"ባየው፣ አበድክ? በታቦት አስምለኸኝ!"

"አንቺን ነው ያስማልኩት" አለ። "እኔ አልማልኩም።"

አንሶላውን አቅፎ በባዶ እግሩ ወረደ። እኔም ነጠላዬን እየጎተትኩ ተከተልኩት። አቶ ገብረ ሕይወት አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፣ ውሃ ልትቀዳ የወጣች ጎረቤትም ጄሪካኗን ይዛ ቆማለች። ይሂዱልኝ ብዬ ጸለይኩ፣ ማን ይሰማኛል። ባየው እህቱ ፊት ደርሶ ቆመ።

"እትዬ፣ ተይው። ቁንጫ የለም" አለ። "እኔ ነኝ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሌሊት አልጋ ላይ እሸናለሁ። ያኔም የቀብሩ ዕለት ጥዬሽ የሄድኩት ለዚሁ ነው። ለቀስተኛ በተኛበት ቤት እንዴት ልደር? ደብሪቱ ምንም አላደረገችሽም።"

አንሶላውን ዘረጋላቸው። አቶ ገብረ ሕይወት ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ እግዜር ይስጣቸው። ያቺ ጎረቤትም ሄደች።

እትዬ ንጋቷ ዱላውን ጣሉ። አንሶላውን ተቀብለው መዘፍዘፊያው ውስጥ፣ ነጩ ጋቢያቸው ላይ ጨመሩት። "ግባና እግርህን ሸፍን፣ ብርዱ ይገድልሃል" አሉት። ገባ። ከበሩ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት፣ እንደ ልጅ እየተነፋረቀ። እሳቸው ወደዚያ አልዞሩም። ጎንበስ ብለው ማጠብ ጀመሩ።

እኔ ምን ልሁን? እዚያው ተገተርኩ። አጥበው ሲጨርሱ የአንሶላውን ጫፍ ሰጡኝ። "ያዢ፣ እንጭመቀው" አሉኝ። ያዝኩ። እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ ሆነን እንጠመዝዝ ጀመር።

"ደብሪቱ።"

"አቤት እትዬ። ስለ ትናንቱ በእግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ። አፈር ልብላ፣ ቤትዎን..."

"የቁንጫውን ተይው። ለባልሽ ብለሽ ነው፣ ገባኝ። እኔም በሆንኩ ከዚያ የባሰ እዋሻለሁ።" አንሶላውን አጠበቁት። "አንዷን ብቻ ንገሪኝ። ወንድሜን እኔ የምጸየፈው መስሎሽ ነበር?"

"ኧረ በማርያም፣ እትዬ!" አልኩ። እሳቸው ግን አንሶላውን እንደያዙ መልሴን ጠበቁ።

ምን ልበላቸው? ሲያጥቡት አይቻቸዋለሁ። ከእነ እንፋሎቱ፣ ከእነ ሽታው፣ ዓይናቸውን ከአንሶላው ላይ ሳይነቅሉ ነው ያጠቡት። እኔ ሚስቱ፣ ሥራ ሳይበዛብኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ከታመመ ጀምሮ አንድም ቀን ፊቴን ሳላዞር አጥቤለት አላውቅም።