የኃይለጊዮርጊስ ትዕግሥት

ባለቤቴ ኃይለጊዮርጊስ የንግድ ሊቅ የሆነው ወንድሙ ስለ ሞተበት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይቀየመኛል። ይቀየመኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ስለ እሱ አዋቂነት ያልሰማ የለም፤ አዋቂነቱ ከየት እንደ መጣ ግን ከእኔ በቀር የሚናገር አልተገኘም። እኔም ብናገር የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ስንጋባ የባቡር ጣቢያው የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበር። ፈረንሳይኛ ያነባል፣ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ደመወዙ ሳይዛነፍ ይመጣል። እኔ ከዚህ ሌላ ከባል የምፈልገው አልነበረኝም። እሱ ግን ወደ ጅቡቲ የሚጫነውን ቡና እያየ አንጀቱ ያርር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ፣ "የሺአረግ፣ ዛሬ ስንት ጆንያ በእጄ አለፈ መሰለሽ? የሰው ሀብት ስጽፍ ልሙት?" ይለኛል። እኔም "ከሰው ሀብት የሚከፈልህን ብላና ተኛ" እለዋለሁ። አይወድልኝም።

ነጋዴው እሱ ሳይሆን ታናሽ ወንድሙ ክፍሉ ነበር። ክፍሉ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሐረር ዙሪያ ወዳሉ ገጠሮች ይወጣል፣ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ይከራከራል፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ መድረቅ አለመድረቁን ይለያል። ባሌ ከደመወዙ ገንዘብ ያዋጣል፣ ክፍሉ ጉልበቱን ያዋጣል፤ ትርፉን እኩል ይካፈላሉ። ቡናውን በገበያው ሰፈር፣ መጋላ ውስጥ በተከራዩት መጋዘን ያከማቹና ደላላቸው ሚሬ ገዢ ያመጣላቸዋል። ሚሬ አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ የሚያነባ ረጅም ሶማሌ ነው። የድለላውን አንዲት ሳንቲም አይተውም፤ ሲዋሽ ግን ሰምቼው አላውቅም።

በ1945 ዓ.ም. ክፍሉ ቡናውን ውድ ገዝቶት ኖሮ፣ በሐምሌ የቀረበላቸው ዋጋ ያወጡትን እንኳ የሚመልስ አልነበረም። ክፍሉ "ትንሽ እንይ" አለ። ባሌ ግን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ ያልረገጠው ጥግ አልነበረም። "ይሸጥ! በኪሳራም ቢሆን ይሸጥ፤ እጄን ልታጠብ!" እያለ በወንድሙ ላይ ጮኸ። ሚሬም ገዢ አመጣ። ሰኞ ጧት ጆንያው ሊመዘን ተቀጠረ።

እሑድ ክፍሉ ሞተ። ወባ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ የተኛ ሰው እሑድ ተቀበረ። ሚስቱ የኔነሽ ገና ልጅ ነበረች፤ ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ቀረች። ሰኞ ዕለት ገዢው ከሚሬ ጋር መጥቶ የለቅሶውን ጩኸት ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ መጋዘኑ ተቆለፈ። በአገራቸው በቡልጋ ያሉት የዘመድ ሽማግሌዎች፣ እኛ መጥተን ውርሱን ሳናካፍል ማንም አንድ ፍሬ እንዳይነካ ብለው ላኩ። ቁልፉ ለክፍሉ የንስሐ አባት ተሰጠ። ዘመዶቹ ክረምቱ ይውጣ አሉ፣ ክረምቱ ሲወጣ አዝመራው ይሰብሰብ አሉ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ከጥምቀት በኋላ አሉ። ባሌ እኒያን ሽማግሌዎች የረገመው እርግማን ቢደርስባቸው ኖሮ አንዳቸውም ድሬዳዋ ባልገቡ።

በዚያ መካከል ብራዚል በሚባል አገር ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል አቃጠለው። የቡና ዋጋ መውጣት ጀመረ። በኅዳር ባሌ ከቄሱ እግር ላይ ወደቀ፤ "አባቴ፣ ዋጋው ሳይወርድ ልሽጠው፣ ቁልፉን ይስጡኝ" ብሎ። አብሬው ነበርኩ። ቄሱ "የሙት ልጆች ገንዘብ ነው፣ አልሰጥም" አሉት። ዋጋው ግን አልወረደም፤ እየወጣ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ መጥተው መጋዘኑን ሲከፍቱ ገዢው ራሱ ቤታችን ድረስ እየተመላለሰ ይለምን ነበር። ወንድማማቾቹ ካወጡት እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ተሸጠ፤ የክፍሉ እኩሌታ ለየኔነሽና ለልጆቿ ደረሰ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ባሌ እውነቱን ተናገረ። "የክፍሉ ዕድል ነው፤ ሞቶ አበላን" እያለ አለቀሰ። የጣቢያው ሰዎች ግን፣ "አንተ ሰው፣ ሁሉም በሐምሌ ሲሸጥ እንዴት ጠበቅህ?" ይሉታል። መጀመሪያ ሳቀ።  ከዚያ ደግሞ ራሱን ነቅነቅ ማድረግ ጀመረ። ለፋሲካ ቤታችን እንግዳ ተቀምጦ፣ "ነጋዴ ሞልቷል፤ መጠበቅ የሚችል ግን የለም። እኔ ጠበቅሁ" ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት።  ጠበቅሁ አለ! የተቆለፈበት ሰው ጠበቅሁ ይላል?

ይባስ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ራዲዮ ገዛ። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ በብብቱ ይዞ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ሥር ካለ ቡና ቤት ይቀመጣል፤ ጸሐፊውም አስተማሪውም ይከበዋል። ስለ ብራዚል አየር ይነግራቸዋል። የድሬዳዋን አየር እንኳ ከላቡ በቀር አያውቀውም! ምስጢሩ ምንድን ነው ሲሉት፣ "ትዕግሥት" ይላል። ቢራውን እነሱ ይከፍላሉ።

ይህ ሁሉ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ባል ትንሽ ቢኮፈስ ማንን ይጎዳል? የጎዳን የየኔነሽ ድርሻ ነው። ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ አራት ክፍል ቤት አይተውላት ነበር። በአንዱ ክፍል ከልጆቿ ጋር ትኖራለች፣ ሦስቱን ታከራያለች፣ ልጆቹም ያድጋሉ። ገንዘቧ ለዚያ ይበቃ ነበር። ባሌ ሳቀባቸው። "ቆርቆሮ ምን ይወልዳል? ከእኔ ጋር ቡና ውስጥ ይግባ፤ በሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ትገዛለች" አለ። የኔነሽም እግሩን ልትስም ጎንበስ አለች። የባሏ ወንድም ነው፣ ፈረንሳይኛ ያነባል፣ አገር ያደነቀው ሰው ነው፤ ለምን አታምነው?

ጓዳ ወስጄ፣ "የኔነሽ፣ ቤቱን ግዢ፤ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ምን እንዳሰበች ገባኝ። እኔ ልጅ የለኝም። መካን ሴት ስለ ወላድ የምትናገረው ሁሉ ከቅናት ይቆጠራል። ማታውኑ ለባሌ ነገረችው፤ ባሌም "እንዳትበለጽግ ነው?" ብሎ ተቆጣኝ።

በ1947 አዝመራ የራሱንም የየኔነሽንም ገንዘብ አንድ ላይ አድርጎ ቡና ገዛ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ። ክፍሉ ስለሌለ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ የሚያይ አልነበረም፤ የቀረበለትን ወሰደ። በዚያን ጊዜ ዋጋው ከጫፉ መውረድ ጀምሮ ነበር። ባሌ ግን፣ "ሲወርድ ነው የሚገዛው፤ ይመለሳል" አለ። ወረደ። እንደ ገና ወረደ።

በግንቦት ሚሬ ላቡን እየጠረገ ቤታችን መጣ። ውሃ ሰጠሁት፤ ሳይቀመጥ ጠጣ።

"አቦ ኃይሌ፣ ሽጥ። ዛሬ ያለውን ዋጋ ነገ አላገኝልህም" አለው።

"ስንት ድረስ ይወርዳል ትላለህ?"

"ወላሂ አላውቅም። ሃያ ዓመት ደላላ ነኝ፣ አላውቅም። አንተም አታውቅም። የማታውቀውን በየቲም፣ በሙት ልጆች ገንዘብ አትሞክር፣ ወላል፣ ወንድሜ።"

"ባለፈው ግን አወቅሁ" አለ ባሌ፣ እግሩን አነባብሮ።

ሚሬ ወደ እኔ ዞረ። ያን ሰኞ ገዢውን ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ ሁሉን ያውቃል። የሚያነባ ዓይኑን በጨርቅ ጠረገና፣ "ባለፈው... አላህ ክፍሉን ይማረው" ብሎ ብርጭቆውን መለሰልኝ። ከሄደ በኋላ ባሌ፣ "ድለላውን ፈልጎ ነው" አለ።

የድሬዳዋ ሙቀት ለቡና አያዝንም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዓመት የተቀመጠ ፍሬ ይደርቃል፣ ይነጣል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። እንደ ገና ሲመዘን ከየጆንያው የጎደለ ነበር። ባሌ የጠበቀው ዋጋ ቢመጣ እንኳ ያን የገዛውን ያህል ቡና የለውም። ይህን ስነግረው፣ "ሚዛኑ ነው" አለኝ።

አንድ ቀን የኔነሽ መጣች። የቤት ኪራይ አጥታ ልጆቿን ይዛ ከአንዲት ዘመድ ጓዳ ገብታ ነበር። ከእኔ ፊቷን መልሳ ከባሌ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ ያ የደቻቱ ቤት ባለቤቱ አሁንም ይሸጠዋል። ዋጋውንም ቀንሷል። ከቡናው የእኔን ድርሻ ብቻ ቢሸጡልኝ ይደርሳል፤ ሚሬን ጠይቄው ነበር።"

ደስ አለኝ፤ አፌን ይዤ የባሌን ፊት ጠበቅሁ። አዎ ቢል ሁሉም ነገር ይድን ነበር። እሱ ግን እንደ ተሰደበ ሰው ቆጣ አለ።

"ከሚሬ ጋር ትማከሪ ጀመር? አሁን ስንሸጥ አገሩ ምን ይላል? ኃይለጊዮርጊስ ፈራ ነው የሚለው! ዋጋው ሊነሣ ሲል ለቀቀ ነው የሚለው! ትንሽ ታገሺ፣ ልጄ፤ ለአንቺው ነው።"

"እርስዎ ካሉ እሺ" አለች። ከኪሱ አምስት ብር አውጥቶ ሰጣት። የእኔ የገበያ ገንዘብ ነበረች። የኔነሽ በሁለት እጇ ተቀብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ያ ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየው ወጣ።

"ምን ታግሦ ያውቃል!" ብዬ ጮኽኩ። "ሰኞ በኪሳራ ሊሸጠው ቀጠሮ ይዞ ነበር! ክፍሉ እሑድ ባይሞት ኖሮ ሰኞ ይሸጠው ነበር! ቁልፍ አጥቶ እንጂ ጠብቆ አይደለም! ክፍሉ ነው በሞቱ ያተረፈላችሁ፣ እሱ ምንም አያውቅም!"

 ባሌ ነጣ። እንደሚመታኝ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ "የወንድሜን ሞት ትርፍ አደረግሽው?" አለኝ። የኔነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እዬዬ አለች፤ "ክፍሉዬ! ሞትህ ለሰው ሲሳይ ሆነ ተባለ!" እያለች። ጎረቤት ሰምቶ ገባ። እሷን አቅፈው ወሰዷት፣ እኔን አፈር ብይ በሚል ዓይን አዩኝ። ለካ እውነቱ በሰው ፊት የማይባል ኖሯል። ብናገረው ሟችን ሰደብኩ፤ ባልናገረው የሙት ልጆች ቤት አልባ ቀሩ። ባሌም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርግጥ ጠብቄ ነበር ብሎ ሳያምን አልቀረም።

ቡናው የተሸጠው በ1949 ነው፤ ያውም ባለመጋዘኑ ለኪራይ ሊይዘው ሲል። ሚሬ ለምኖ ገዢ አገኘ። ገዢው ከጆንያው ዘግኖ አየና መልሶ አፈሰሰው፤ የነጣ፣ የተበሳ፣ ጠረኑ የጠፋ ነው። ለቆሻሻ የሚሰጠውን ዋጋ ሰጠ። ሚሬ በዚያ ቀን የድለላውን አልጠየቀም። ያኔ ነው ነገሩ ማለቁ የገባኝ። ለየኔነሽ የደረሳት አንድ የደቻቱ ቤት በር እንኳ አይገዛም።

ባሌ ለከዚራ ወዳጆቹ፣ "መንግሥታት ተመካክረው ነው ያወረዱት፤ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም" አላቸው። እነሱም ሲወጣ ያወቀው እሱ፣ ሲወርድ ደግሞ ማንም የማያውቀው ነው ብለው አመኑ። ጣቢያው መልሶ አልቀጠረውም። እኔ ልብስ እየሰፋሁ አበላዋለሁ፤ ጋዜጣውንም የምገዛለት እኔ ነኝ።

የኔነሽ ከአንድ ቡና ላኪ መጋዘን ለቃሚ ሆና ገባች። ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውላለች፤ በለቀመችው ጆንያ ልክ ይከፈላታል። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤታችን መጣች። ጸጉሯ አቧራ ለብሷል፣ የጣቶቿ ጫፎች ተሰነጣጥቀዋል። ደነገጥኩ፤ ልትረግመው የመጣች መስሎኝ ነበር፣ በልቤም ይሁን ብዬ ነበር።

"ጋሼ" አለችው፣ "ሰው ብዙ ያወራል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ እርስዎ ባይዙት ኖሮ ያቺም አትደርሰኝም ነበር።"

ባሌ ራዲዮውን ቀነሰ። "ምን ላድርግ" አለ፣ "የወንድሜ አደራ ናችሁ።"

የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ጥቂት ብርና ሳንቲም አወጣች። "ከለቀማው ያጠራቀምኳት ናት። በእኔ እጅ ትጠፋለች። እርስዎ በሚያውቁት ያድርጉልኝ፤ ለልጆቹ።"

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ጊዜ እምቢ ቢል ያለፈውን ሁሉ እተውለት ነበር። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ትንሽ ናት፤ ግን ብትታገሺ..." አላት።

"እታገሣለሁ።"

ኪሱ ከተታት። ተነሥቼ እጄን ኪሱ ውስጥ ሰድጄ ገንዘቡን አወጣሁና ለየኔነሽ ላስጨብጣት ስል ወደ ኋላ ሸሸች፤ ሳንቲሞቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

"ቅናቱ አሁንም አለቀቀሽም?" አለችኝ። በርከክ ብላ እያንዳንዷን ሳንቲም ከአልጋው ሥር ሳይቀር ሰብስባ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችው።

"አይዞሽ፤ እሷን ተያት" አላትና ተቀበላት።