በአማት ፊት የተዋጠ አክታ

የባለቤቴ የጫልቱ ሕመም የጀመረው በሳል ነው። ብርድ መትቷት ነው ብለን ዝንጅብል አፈላንላት። በሦስተኛው ሳምንት ማታ ማታ ያልባት ጀመር፤ ቀሚሷም ሰፋት። የምታጠባት ሕፃን ነበረችን።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ነቀምት፣ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ምግብ የሚያማርጥ ዘገምተኛ ፍጥረት ነው። ሌላው ባንድ ቀን ሲበቅል፣ እሱ ትኩስ እንቁላል ተመትቶ በጠርሙስ ከረጋለት በኋላ እንኳ በማሞቂያው ሳጥን እስከ ስምንት ሳምንት ያስጠብቃል። እንቁላሉን ከገበያ የምመርጠውም የምመታውም እኔ ነበርኩ፤ በሙያዬም እኮራ ነበር።

ለአክታዋ ብልቃጥ ቤት ወስጄ ሰጠኋት። ዝናብ ስለነበር ውጭ እንዳትወጣ አስጠነቀቅኋት። ያመጣሁት አክታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም የለበትም። ሐኪሙ፣ «የነቀርሳው መርፌ ጆሮ ያደነቁራል። ባክቴሪያው ሳይገኝ አልጀምርም» አለኝ።

አክታውን እንቁላሉ ላይ ዘርቼ ጠበቅሁ። ስምንት ሳምንት። ምንም አልበቀለም። ጫልቱ ከሳች። ጡቷ ደረቀ።

እንቁላሉን ጠረጠርኩ፤ ሳጥኑንም ጠረጠርኩ። ሌላ ብልቃጥ ሳቀብላት ግን አለቀሰችና እውነቱን ነገረችኝ። አባቴ ከመጀመሪያው ብልቃጥ በፊት ከጊዳ አያና መጥቶ እስካሁን እኛ ዘንድ ነበር፤ ቤታችን ደግሞ አንድ ክፍል ነው። በእኛ ዘንድ ምራት በአማቷ ፊት አትበላም፣ ስሙንም አትጠራም፤ አክታ መትፋትማ አይታሰብም። ያን ጠዋት አክታዋን ውጣ ብልቃጡን በምራቅ ሞልታው ኖሯል።

ለአባቴ የነገርኩት እያፈርኩ ነው። በማግስቱ ጠዋት ብልቃጡን ራሱ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ትፊ። እኔ አባትሽ ነኝ» አላት።

ተፋች። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ አሁንም አልታየም። በአራተኛው ሳምንት ግን ጠርሙሱ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለ ቢጫ ነገር ወጣ። ሐኪሙ አየውና፣ «ዛሬውኑ እንጀምር» አለ።

መርፌውን፣ ስትሬፕቶማይሲኑን፣ ለወራት ተወጋች፤ ክኒኑን ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሳታቋርጥ ዋጠች፤ ጆሮዋ ጮኸባት እንጂ አልደነቆረችም፣ ሕፃኗም ጎረቤታችን ባለሱቁ ጉራጌ በየቀኑ በሚልክልን የላም ወተት አደገች። ግራ ሳንባዋ ግን እንደተጎዳ ቀረ።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ አባቴን ይበልጥ። የምታስታምሙ ሁሉ፣ ለበሽተኛ ብልቃጥ ስትሰጡ አጠገቡ ማን እንዳለ ጠይቁ፤ ብቻውን የሚሆንበትም ቦታ ፈልጉለት። ጫልቱ ለምን አልጠየቅኸኝም ብላ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ዳገት ስትወጣ ቆም ብላ ስትተነፍስ ግን እኔም አብሬ እቆማለሁ።